ባሌ ጀግና የተባለበት በጋ

ሰኞ 3

ሐይቃችን እንግዳ እንደሚጠላ ሰው በየቀኑ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ፣ አሁን ከቄጠማው ጀርባ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀርታለች። ጉማሬዎቹ በሙሉ እዚያች ውስጥ ታጭቀዋል፤ ጠዋት አውቶቡስ ላይ እንደሚጋፋ ሕዝብ አንዱ በአንዱ ላይ። ኃላፊያችን ግን ተደስቷል። ለጎብኚ አመቺ ሆነ፣ አንድ ቦታ ተሰበሰቡልን አለ። እኔም ደስ አለኝ። እኔን ደስ የማይለኝ ነገር የለም፤ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይቺ ልጅ ለቅሶ ቤት ገብታም ሳትስቅ አትወጣም ትል ነበር።

ፓርካችን ትንሽ ናት። በሯ ላይ ያለው ሰሌዳ «አምስት ዓይነት የተፈጥሮ ገጽታ በአንድ ቀን» ይላል። ውሸት የለበትም፤ እንዲያውም በግማሽ ቀን ያልቃል። ሐይቅ (የነበረ)፣ የቄጠማ ረግረግ፣ የግራር ሜዳ፣ ጉሬዛ የሚዘልበት የወንዝ ዳር ጫካ፣ ሽኮኮዎች ያለ ሥራ ፀሐይ የሚሞቁበት ድንጋያማ ኮረብታ። አንበሳ የለንም። ዝሆን ድሮ ነበረ ይላሉ፤ ቦታው ሳይጠበው አልቀረም፣ ሄደ።

እኔ የእንግዳ ማረፊያውን ሦስት ክፍሎች አነጥፋለሁ፣ አጸዳለሁ፣ ቁልፍ እይዛለሁ። ባሌ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነው። የምንኖረው እሱ ጠባቂ በመሆኑ በተሰጠን የሠራተኛ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ እራት ላይ ስለ ጉማሬዎቹ መጨናነቅ አወራሁት፣ ስለ አንሶላዎቹ ማለቅ አወራሁት፣ ስለ እህቴ ልጅ ጋብቻ አወራሁት። ሾርባውን ጠጣና «ጨው አንሶታል» አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል።

ረቡዕ 5

የማረፊያው አብሳይ ድንች እየላጠች፣ ባልሽ ኮርቷል አለችኝ። ሰላም ስትለው ጥሏት ያልፋል። «አዎ፣ በጣም ኩሩ ነው» አልኳት። ቢላዋዋን አቁማ ትንሽ አየችኝና መላጥዋን ቀጠለች።

ግራ ጆሮው ድሮም ደካማ ነበር። ቀኙ ካለፈው ክረምት ወዲህ... በቃ። እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። መስማት የማይችል ጠባቂ መስክ አይወጣም፤ መስክ ካልወጣ ጠባቂ አይደለም፤ ጠባቂ ካልሆነ ቤቱን ያስረክባል። ስለዚህ ባሌ ኩሩ ነው። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ጥሩ ትዳር ማለት ይህ ነው።

ዓርብ 7

የዓመቱ የጤና ምርመራ። ነርሷ መጣች። ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ ወንበር ላይ እያስቀመጠች፣ ከኋላቸው ቆማ ቃል እያንሾካሾከች ድገሙ ትላለች። የባሌ ተራ ሲደርስ ወለሉ በድንገት በጣም ቆሸሸብኝ። መጥረጊያዬን ይዤ ገባሁና ፊት ለፊቱ መጥረግ ጀመርኩ። «ወንበር» ስትል ወንበር ነካሁ። «ዛፍ» ስትል በመስኮት ወደ ውጭ ጠቆምኩ። «ዝናብ» ስትል ጣቶቼን ከላይ ወደ ታች አዘነብኳቸው። ባሌ ጥቂት አሰበና «ሻወር» አላት። ነርሷ ያው ነው ብላ ሳቀች፣ የወጣት ጆሮ ነው ያለዎት ብላ ፈረመች።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንደ እኔ ያለች ብልጥ ሴት መጥረጊያ ይዛ መቅረቷ ለአገር ጉዳት ነው።

ሰኞ 10

ባሌ ጀግና ሆነ።

የነገረኝ ቀጭኔ ነው። ቀጭኔ የምንለው ረጅሙን ወጣት ጠባቂ ነው፤ ፓርካችን ውስጥ ሌላ ቀጭኔ ስለሌለ አይምታታም። ኃላፊያችን ራሱ አብሯቸው የግራሩን ሜዳ ሲያቋርጡ ከቁጥቋጦ ኋላ አንድ ብቸኛ ጎሽ አጓራ። ኃላፊያችን ግራር ላይ ወጣ። ከነእሾሁ። ቀጭኔም ወጣ፤ እሱ እንኳ መውጣት አያስፈልገውም ነበር፣ ቆሞ ቅርንጫፍ ቢይዝ ይበቃው ነበር። ባሌ ግን ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዱካ እያየ፣ ቀስ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ጎሹ እንዲህ የናቀው ሰው አጋጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም። ግራ ገብቶት ቆሞ ቆሞ ተመለሰ።

ማታ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አፌን በደንብ ከፍቼ፣ ዛሬ ጎሽ አይተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«የት?» አለኝ።

ረቡዕ 12

ኃላፊያችን ሠራተኛውን ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ጎሽ ጀርባው ላይ ሲያጓራ ዞሮ እንኳ ያላየ ሰው፣ ልብ ማለት ይህ ነው፣ ለዋናው መሥሪያ ቤትም በሪፖርት ገልጫለሁ አለ። ሰው አጨበጨበ። ባሌም ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ አብሮ አጨበጨበ፣ ለራሱ። አብሳይዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ራሱን የሚያከብር ሰው ነው አለች።

እዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ኃላፊያችን ቀጠለ። በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ለኩሬዋ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ይሰጡን እንደሆነ ለመወሰን ነው። ቄጠማውን አቋርጠው ጉማሬዎቹን በቅርብ ማየት ይፈልጋሉ። ማን ይመራቸዋል? ጀግናው።

ቄጠማው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ውስጡ ከገቡ የሚታየው የፊተኛው ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጠባቂ ደረቁ ዳር ካለው ኩይሳ ላይ ወጥቶ ከላይ ያያል፣ ለሚሄዱት ያፏጭላቸዋል። አንድ ፉጨት ቁም፣ ሁለት ፉጨት ተመለስ።

ፉጨት።

ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ጥርሴን አሳየሁ። በጣም ደስ ብሎኛል አልኩ። ነርሷን ያታለልኩ እኔ፤ ግን «የወጣት ጆሮ» በይ ብሎ ማን አዘዛት? ሰው ሥራውን በደንብ ቢሠራ ምን አለበት።

ቅዳሜ 15

ለእንግዶቹ ሲባል የማረፊያው ሣር አረንጓዴ ይሁን ተባለ። ምድሩ ሁሉ አመድ መስሎ የእኛ ሣር ብቻ አረንጓዴ። ጠዋትና ማታ በጎማ አጠጣለሁ። ወሬው ለእንስሳቱ ደርሷል። ከርከሮዎች ከነልጆቻቸው መጥተው በጉልበታቸው ተንበርክከው ይግጣሉ፤ እንዲህ ያለ ትሕትና በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አይቼ አላውቅም። ጅግራ በመንጋ መጣ። አንድ ድኩላ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገባ። አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ ዳር ቆሞ እንደ ኦዲተር ሁላችንንም ያየናል። እኔ ደግሞ ውሃ ባጠጣሁ ቁጥር ሁሉም ቀና ብለው ሲያዩኝ እንደ ባለሥልጣን ይሰማኛል። እንዴት ደስ ይላል መሰለህ የምለው ሰው ባገኝ እለው ነበር።

አመሻሽ ላይ ባሌ ሣሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ ጉማሬ መጣ። ከኩሬዋ በሌላ ወንድ ተደብድቦ የተባረረ ሳይሆን አይቀርም፣ ጀርባው ተቧጭሯል። ከባሌ ኋላ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካበት፣ እየጋጠ አለፈ። ጉማሬ ሣር ሲነጭ ድምፁ አሮጌ አንሶላ እንደመቅደድ ነው፤ እኔ መስኮት ዘግቼ ሰማሁት። ባሌ ካልሲውን እያራገፈ ነበር። ብጮህ የሚደነግጠው ጉማሬው ብቻ ነው። ስለዚህ ቆምኩ። ጉማሬው ጋጠ፣ ጋጠ፣ ሄደ።

አንድ ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። አሮጌ ብርጭቆ ነው፣ ድሮም ዕድሜው አልቆ ነበር። ባሌ ገብቶ ስብርባሪውን ሲያይ ፊትሽ ምን ሆነ አለኝ። ሙቀቱ ነው አልኩት።

ሰኞ 17፣ በጥድፊያ

መጋረጃ ማጠብ። ትራስ ሦስት ጎድሏል። ሣሩ ላይ የጉማሬ ፋንድያ፤ ኃላፊያችን ይነሳ ብሏል፣ በምን እንደሚነሳ አልነገረኝም።

ቀጭኔ ፊት ይሁን፣ ባሌ ደክሞታል ብዬ ለመንኩት። ኃላፊያችን ሳቀ። በባልሽ ዝና ትቀኛለሽ እንዴ አለኝ። አዎ፣ በጣም እቀናለሁ አልኩ። በስልክ ደግሞ ለአንዱ «የማይደነግጥ ሰው አለኝ» ሲል ሰማሁት። እንደ አዲስ መኪና ነው የሚያወራለት።

ረቡዕ 19

ዛሬ ባሌን አስቀመጥኩትና፣ መብራቱን ወደ ፊቴ አዙሬ፣ ታመምኩ በል አልኩት።

«ምን ሆንኩ ብዬ?»

«ጉንፋን።»

«ጉንፋን የለብኝም።»

«ወገብህን በል።»

«ወገቤ ደህና ነው» አለኝና ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም አየሁት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው፤ ወይ ከእኔ፣ ወይ ከእሱ። እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ከከርከሮ ጋር እንኳ የማወራ ሴት፣ አንዲት ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ብናገረው ቤቱ ይሄዳል ብዬ አይደለም። ቤት ምንድነው፣ ጣራው ያፈሳል። ያን ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ እንዲያይ አልፈለግኩም፣ ያ ብቻ ነው።

ሸሚዙን ተኮስኩለት። ለጀግና ይገባል።

ዓርብ 21

እንግዶቹ ገቡ። ሁለት ወንዶችና አለቃቸው፤ አለቃቸው ሽበታቸውን አጭር አድርገው የተቆረጡ ሴትዮ ናቸው። አንደኛው ወንድ ክፍሉ ውስጥ እንሽላሊት አለ ብሎ ጠራኝ። አዎ፣ ብሔራዊ ፓርክ ነው አልኩት። ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። ወደድኳቸው።

ኃላፊያችን በእራት ሰዓት ባሌን ጠርቶ አስተዋወቀ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ጠየቁት። ባሌ በኩራት ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄው ስንት ዓመት ሠራህ የሚል ነበር።

ቅዳሜ 22

ነገ ጠዋት። ሻይ የምይዘው እኔ ነኝ ብያለሁ። ማንም ሻይ አልጠየቀም። ይዤ እሄዳለሁ።

እሑድ 23

ጽሕፈቴ የቀጭኔ ጽሕፈት መስሏል። ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ገና ጎህ ሲቀድ ቄጠማው ዳር ደረስን። ቀጭኔ ኩይሳው ላይ ወጣ። እኔ ሁለት ፔርሙዝ ይዤ ከባሌ ቀጥዬ ቆምኩ። ኃላፊያችን አንቺ ከኋላ አለኝ። ሻይ ከኋላ ከሆነ ይቀዘቅዛል አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ ለእኔም አልገባኝም። አልሰማኝም፣ እጄን ይዞ ወደ መጨረሻ ወሰደኝ። ስለዚህ ባሌ ፊት፣ ከዚያ ሴትዮዋ፣ ከዚያ ኃላፊያችን፣ ከዚያ ሁለቱ ወንዶች፣ ከዚያ እኔና ሻዬ።

መንገዱ ጉማሬዎች ሲመላለሱ የከፈቱት ነው፤ ጠባብ፣ ከሥሩ ጭቃ። ነፋስ አልነበረም። ቄጠማው እንደተቸነከረ ቆሟል። ትንንሽ ወፎች ጫፉ ላይ ተሰቅለው ይጫጫሉ፣ ኩሬዋ ደግሞ ከፊታችን ታጉረመርማለች። ሌላ ቀን ቢሆን ደስታዬን አልችለውም ነበር።

አንድ ፉጨት። ሁሉም ቆመ። ባሌ ሄደ።

ኃላፊያችን ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ ብሎ፣ አዩት፣ ምንም አይፈራም ሲል ሰማሁት። ሁለት ፉጨት መጣ። ከዚያ ቀጭኔ ፉጨቱን ትቶ ይጮህ ጀመር። በሰዎቹ ትከሻ መሐል አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ባሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄዳል። ከሱ በስተቀኝ ቄጠማው ከላይ ትንሽ ተነቃነቀ። ነፋስ የለም ብያለሁ።

ፔርሙዞቹን ጣልኳቸው። ሰው እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ እግሬ አግቢኝ ብዬ የሮጥኩ እኔ ሳልሆን አልቀርም። አንደኛው እንግዳ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ሁለተኛው ራሱ ለቀቀልኝ፣ ኃላፊያችንን በክርኔ ምን እንዳልኩት አላውቅም። ሴትዮዋ ብቻ ነገሩ ገብቷቸው ጥግ ያዙ። ባሌን ከኋላ በቀበቶው ይዤ ባለኝ ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ ተቀመጥኩ። ክብደት ደግሞ አላነሰኝም። አብረን ወደቅን።

ቄጠማው ተከፈለ። ጉማሬው ወጣ፣ ጀርባው የተቧጨረው። ከእግራችን ፊት ለፊት መንገዱን አቋርጦ፣ ጭቃውን በላያችን እየረጨ፣ ኩሬዋ ውስጥ ገባ። ባሌ ሁለት እርምጃ ቢጨምር ኖሮ... አልጽፈውም።

መጀመሪያ የተናገረው ኃላፊያችን ነው። ባርኔጣው የለም፣ ድምፁም እንደ ጦጣ ቀጥኗል። ፉጨት አልሰማህም ወይ፣ ሁለቴ ተፉጭቶ እንዴት አትቆምም፣ እንግዶች ልታስፈጅ ነው ወይ እያለ ወረደበት። ባሌ ከጭቃው ተነስቶ የኃላፊያችንን አፍ ያያል። እኔ ውሸቴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ነፋሱ ነው» አልኩ። «ነፋሱ ድምፁን ወስዶት...»

ባሌ ጭቃማ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ተይ» አለኝ። ከዚያ ለሁሉም፣ ድምፁን መመጠን ስለማይችል ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ፦

«አልሰማሁም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ምንም አልሰማም። እሷ ናት የምትሰማልኝ።»

ያንን ቃል ይህን ያህል ጊዜ ፈርቼው፣ ከእሱ አፍ ሲወጣ እንደማንኛውም ቃል ነው። አላለቀስኩም። ጭቃ ዓይኔ ገብቶ ነው።

ቀጭኔ እየሮጠ ደረሰ። «እትዬ፣ ይቅርታ» አለኝ። «ጋሼን በፉጨት ጠርቼው አላውቅም፣ በጠጠር ነው። ቁም ስለው ትከሻውን፣ ተመለስ ስለው ሁለቴ። ዛሬ ግን በእንግዳ ፊት ሽማግሌ ሰው ላይ ድንጋይ መወርወር አፈርኩ።»

ማታ አብሳይዋ ያለ ጥሪ ሾርባ ይዛ መጣች። ኮርቷል እያልኩ የነገርኩሽ እኮ አንቺው እንድትነግሪኝ ነበር አለች። ሳንኳኳ የሚወጣው እሱ አይደለም፣ ሁሌ አንቺ ነሽ፣ ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን ያስፈልጋል ወይ አለችኝ። ስለዚህ በዚህ ፓርክ ውስጥ ምስጢሬን የማያውቁት ኃላፊያችንና ያ ጎሽ ብቻ ነበሩ።

ማክሰኞ 25

እንግዶቹ ሄዱ። ፓምፑ ይመጣል ተብሏል፤ ጭቃ የገባው እንግዳ ኩሬዋ በጣም ጠብባለች ብሎ አጥብቆ መሰከረ።

ባሌ ጠመንጃውንና ሬዲዮኑን አስረከበ። ቀረብ ብዬ ሳየው፣ ጠመንጃውን ወልውሎ፣ ማንገቻውን አስተካክሎ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተኛ ልጅ አስቀመጠው። እኔ ዕቃ የምናስርበት ገመድ ፍለጋ ወጣሁ።

ኃላፊያችን ግን ተቸግሯል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ጀግና አለኝ ብሎ በሪፖርት ጽፏል። አሁን ያ ጀግንነት ጆሮ ነበር ብሎ እንዴት ይጻፍ? ራሱስ ግራር ላይ ምን ይሠራ ነበር ቢባል? ሴትዮዋ ይህ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ከመሄዳቸው በፊት፣ እንዲህ ያለ ሰው ጎብኚ በሚቀበልበት ቦታ ቢሆን ለፓርኩ ክብር አይሆንም ወይ ብለው በጣም በጨዋነት ጠየቁት። ኃላፊያችን እኔም እሱን ሳስብ ነበር አለ። ስለዚህ ባሌ ስላሳየው ድፍረት ወደ ዋናው በር ተዛውሯል። የበሩን አጣና ያነሳል፣ አጣና ይጥላል። ቤቱም አልተነካም። ገመዱን መልሼ አስቀመጥኩ።

ሹፌሮች ጡሩምባ እየነፉ ይበሳጫሉ አሉ። ወርደው ፊቱ ይቁሙ። መውረድ ይችላሉ፣ እግር አላቸው።

ባሌ ግን ቀን ቀን ከበሩ ሆኖ ወደ ቄጠማው አቅጣጫ ያያል።

ሐሙስ 27

ከንጋት በፊት ዝናብ ጣለ። እንዲህ ያለ ዝናብ! ጣራው በሦስት ቦታ አፈሰሰ፣ ሦስት ባልዲ ደርድሬ ከባልዲዎቹ ጋር ዘፈንኩ። ባሌ ከእንቅልፉ የነቃው ጠብታ ግንባሩ ላይ ሲያርፍ ነው። በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ተከተልኩት።

በረንዳው ላይ ቆመን አየን። ሜዳው ላይ ውሃ ይብለጨለጫል። ከርከሮዎቹ የእኔን ሣር ትተው በዝናብ ውስጥ እንደ እብድ ይሮጣሉ፤ ምስጋና የላቸውም። ባሌ እጁን አውጥቶ አስነካው። ከዚያ ዞሮ ፊቴን አየኝ።

«ምን ይላሉ?» አለኝ።

ማን ብዬ ጠየቅኩት።

«ሁሉም።»

ሰው ይህን ያህል ዓመት አብሮኝ ኖሮ አውሪ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። እንቁራሪቶቹ ጀመሩ አልኩት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚናገሩት፣ ስብሰባ ነው፣ አጀንዳው ኃላፊያችን ነው። ሳቀ። ጉማሬዎቹ ከወዲያ ማዶ ሆ ሆ ሆ ይላሉ፣ ውሃው ስለሰፋላቸው በፊት ከተናከሱት ጋር ታርቀዋል አልኩት። አንድ ንስር ጮኸ፣ ቀጭን ነው፣ በር ሲከፈት ሲጢጥ እንደሚለው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንዲህ ነው፣ ቅጠል ላይ ደግሞ እንዲህ፤ ክንዱ ላይ በጣቴ አሳየሁት።

«ቀስ በይ» አለኝ። ከአፌ ዓይኑን አይነቅልም።

ቀስ አልኩ። በሕይወቴ ቀስ ብዬ አውርቼ አላውቅም፣ ምላሴ ተገረመች። ገና የወንዝ ዳሩን ጫካ ሳልጀምር ከዋናው በር የመኪና ጡሩምባ መጣ፣ ረጅም፣ ደጋግሞ፣ የተናደደ። መኪና መጥቷል፣ በር ክፈቱ ይላል አልኩት።

«ይቆይ» አለኝ። «ጉሬዛዎቹስ?»